ቶዮታ ራሱ «ጉድለት አለበት» ያለውን ኤርባግ ጉለሌ ላይ ማን ይቀይረው?

ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፉትን የቤት መኪናዎች ቁጠሩ። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሚኒባስ፣ ያሪስ፣ እንደገና ቪትዝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ 6 ኪሎ ስትወርዱም፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የቆሙትን ስታዩም ያው ነው። ብዙዎቹ 20 ዓመት የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው የተቃረቡ ናቸው። ግን ቀላል ንብረት አይደሉም። ባለቤቶቻቸው ከሚሊዮን ብር በላይ አውጥተው የገዟቸው፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱባቸው፣ ማታ ደግሞ በአፕ ተሳፋሪ ጭነው የቤት ኪራይ የሚሸፍኑባቸው ናቸው።

በቅርቡ አንድ የሩፋኤል ሰፈር ጎረቤታችን ሊብሬያቸውን ይዘው መጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ስማቸውን እዚህ አንጠራም። የ2004 ሞዴል ኮሮላ አላቸው። ቲክቶክ ላይ ያዩት ቪዲዮ፣ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ የ2003 እና የ2004 ኮሮላ ባለቤቶችን «መኪናችሁን አትንዱ» ብሏል ይላል። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ወሬ?

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ወደ 50 ሺህ ለሚሆኑ መኪናዎች ባለቤቶች «ኤርባጉ እስኪቀየር አትንዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መኪናዎቹ የ2003 እና 2004 ኮሮላ፣ የ2003 እና 2004 ኮሮላ ማትሪክስ፣ የ2004 እና 2005 ራቭ ፎር ናቸው። ለሞተር አይደለም፣ ለፍሬን አይደለም። ክሩስኮቶ ውስጥ እና መሪ ላይ ለተቀመጠው ኤርባግ ነው። ኮሮላውና ማትሪክሱ ላይ ችግሩ ያለው ጋቢና በተቀመጠው ሰው በኩል ያለው ኤርባግ ላይ ነው፣ ራቭ ፎሩ ላይ ደግሞ ሾፌሩ ፊት ያለው።

ጋሼ ቀጥለው የጠየቁን ግን ለመመለስ ቀላል አልነበረም። «እና እኔ የት ሄጄ ላስቀይር?»

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግለጽ። ኤርባግ ከረጢት ብቻ አይደለም። ከከረጢቱ ጀርባ ኢንፍሌተር የሚባል የብረት ቆርቆሮ አለ። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ሴንሰሩ ምልክት ይልካል፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ኬሚካል ይቀጣጠላል፣ የሚወጣው ጋዝ ከረጢቱን ይነፋዋል። ይህ ሁሉ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከመግለጣችሁ በፊት ያልቃል። ማለትም ኤርባግ ሥራውን የሚሠራው በትንሽ፣ ቁጥጥር በተደረገበት ፍንዳታ ነው። ቁጥጥሩ ከጠፋ ቆርቆሮው ራሱ ይፈነዳል፣ የብረቱ ስብርባሪም ከረጢቱን በጥሶ ወደ ፊትና አንገት ይወረወራል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ያዩ መርማሪዎች መጀመሪያ ላይ በስለት የተወጉ መስሏቸው ነበር።

ዕቃውን የሠራው ቶዮታ አይደለም፣ ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በጨርቃ ጨርቅ የተጀመረ፣ በኋላ የመኪና ቀበቶ፣ ከዚያ ኤርባግ ውስጥ የገባ ድርጅት። ለሆንዳ፣ ለቶዮታ፣ ለኒሳን፣ ለማዝዳ፣ ለቢኤምደብሊውና ለሌሎችም ያቀርብ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንፍሌተሩ ውስጥ የሚገባውን ኬሚካል ቀየረ። የመረጠው አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ ማዳበሪያ የሚሠራበት፣ የማዕድን ቁፋሮ ላይ ድንጋይ የሚያፈርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ቤይሩት ወደብ ላይ ከተማዋን ያወደመው ያው ኬሚካል። ለምን መረጠው? ርካሽ ስለሆነ። ኒውዮርክ ታይምስ በ2016 እንደዘገበው የታካታ ተፎካካሪ የሆነው አውቶሊቭ ያንን ዲዛይን መርምሮ አደገኛ ነው ብሎ ትቶታል። ታካታ ግን ገፋበት።

የአሞኒየም ናይትሬት ችግር እርጥበትና ሙቀት አይወድም። ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ እርጥበት ይገባል፣ እንደገና ይሞቃል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ተጠፍጥፎ የተጠናከረው ኬሚካል ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ወደ ዱቄትነት ይቀርባል። እንጨት አንድዶ የሚያውቅ ሰው ቀሪው ይገባዋል። ወፍራም ፍልጥ እየተንቀለቀለ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ያንኑ እንጨት ጭራሮ አድርጋችሁ ብትለኩሱት ባንዴ ቦግ ብሎ ያልቃል። ኢንፍሌተሩም እንደዚያ ነው። ቀስ ብሎ እንዲነድ የተሰላው ነገር ባንዴ ቦግ ሲል ቆርቆሮው አይችለውም።

ውጤቱ በዓለም የመኪና ታሪክ ትልቁ ሪኮል ነው። ሪኮል ማለት አምራቹ «የሸጥኩላችሁ ዕቃ ጉድለት አለበት፣ አምጡትና በነፃ ላስተካክለው» ብሎ መኪናውን መልሶ ሲጠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ኢንፍሌተሮች ተጠርተዋል፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን። አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 28 ሰው ሞቷል፣ ቢያንስ 400 ሰው ቆስሏል። ታካታ የሙከራ ውጤቶችን አጭበርብሮ ለመኪና አምራቾች ይሰጥ እንደነበር በ2017 ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፣ በዚያው ዓመት ከሰረ። ስለዚህ ዛሬ ታካታን ልክሰስ ብትሉ የሚከሰስ ታካታ የለም። ኤርባጉን መኪናው ላይ ገጥመው፣ የራሳቸውን አርማ ለጥፈው የሸጡት አምራቾች ግን አሉ።

ቶዮታም አልካደም። በ2013 ከሆንዳ፣ ከኒሳንና ከማዝዳ ጋር አብሮ ጠርቷል። በግንቦት 2015 ደግሞ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎችን በዓለም ዙሪያ ጠራ፤ 35 ዓይነት ሞዴሎች፣ ከመጋቢት 2003 እስከ ኅዳር 2007 የተመረቱ። (እስካሁን ያልናቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በዜናው ላይ በስም ከተጠሩት ሞዴሎች ሁለቱ የትኞቹ ይመስሏችኋል? ኮሮላ እና ቪትዝ። ከዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ያሪስም ገባ፣ የጋቢናው በኩል።

ማለትም ጉለሌ መንገድ ዳር ቆመን የቆጠርናቸው ሦስቱም ስሞች ዝርዝሩ ላይ አሉ። ይህ ማለት ግን ሁሉም ቪትዝ፣ ሁሉም ኮሮላ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። ቶዮታ ከሌሎች አቅራቢዎችም ኤርባግ ይገዛ ነበር፤ ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ ኮሮላዎች አንዱ ታካታ፣ ሌላው ሌላ ሊኖራቸው ይችላል። ዲኤክስ ያላችሁ ደግሞ ተኙ፣ የእናንተ መኪና መጀመሪያውኑ ኤርባግ የለውም። (ለአንድ ጊዜ ዲኤክስ በዘመናዊነት በለጠ።)

የትኛው መኪና የትኛውን እንደያዘ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሻንሲ ቁጥር። ሊብሬያችሁ ላይ አለ። የኢትዮጵያ ባለመኪና ችግርም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ሪኮል ሲወጣ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ካልመለሰ ይደወልለታል፣ እንደገና ይጻፍለታል። መኪናውን በአቅራቢያው ወዳለ የቶዮታ ወኪል ይወስዳል፣ በነፃ ይቀየርለታል። አሜሪካ ውስጥ አምስተኛ ባለቤት ብትሆኑም ነፃ ነው። እንዲያውም በ2017 እ.ኤ.አ. ቶዮታ፣ ሱባሩ፣ ማዝዳና ቢኤምደብሊው የአሜሪካ ባለመኪናዎች ላቀረቡት ክስ 553 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል፣ ከዚህ ውስጥ ወደ 278 ሚሊዮን የሚሆነው የቶዮታ ድርሻ ነው። አውስትራሊያ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. አምራቾቹን በፈቃዳችሁ አትጠብቁ ብላ በመንግሥት ትእዛዝ አስገደደቻቸው፣ ቀነ ገደብም ቆረጠችላቸው።

ይህ ሁሉ አሠራር የተመሠረተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ መኪናው የት እንዳለና የማን እንደሆነ መታወቁ ላይ። የእኛ መኪናዎች ጉዞ ግን ሌላ ነው። ኮሮላው ለዱባይ ወይም ለሳዑዲ ገበያ ተመርቶ እዚያ 8 እና 10 ዓመት ይነዳል። ከዚያ ይሸጣል፣ መርከብ ይሳፈራል፣ ጅቡቲ ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ይገባል። ቪትዝ ደግሞ ብዙው ጊዜ ጃፓን ውስጥ ቀኝ መሪ ሆኖ የነበረ፣ ዱባይ ላይ መሪው ወደ ግራ ዞሮ የመጣ ነው። መሪ ሲዞር ክሩስኮቶው ይፈታል፣ ኤርባጎቹም አብረው ይፈታሉ። የሪኮሉ ደብዳቤ ወጥቶ ቢሆን የተላከው ለጃፓኑ ወይም ለሳዑዲው ባለቤት ነው። ደብዳቤው ጉለሌ አይደርስም፣ መኪናው ግን ደርሷል።

ወደ ጋሼ እንመለስ። ሻንሲ ቁጥራቸው በእንግሊዝኛው ጄ እና ቲ ፊደላት ይጀምራል፣ ጃፓን የተሠራ ቶዮታ ማለት ነው። የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ የሚባለው፣ ድረ ገጽ ላይ አስገባነው። ምንም መረጃ የለም አለ። ጋሼ ፊታቸው ፈካ። «እንግዲያው ነፃ ነኝ ማለት ነው?» አይደለም። ያ ድረ ገጽ የሚያውቀው ለአሜሪካ ገበያ የተሸጡ መኪናዎችን ነው። የሳቸው ለዓረብ ሀገር ገበያ የተሠራ ነው። «መረጃ የለም» እና «ችግር የለም» በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

መኪናውን ወደሸጠላቸው አስመጪ ደወሉ። የድሮው ቁጥር አይሠራም። በደላላው በኩል ሌላ ቁጥር አገኙ። የተሰጣቸው መልስ፣ መኪና ከተሸጠ በኋላ የሚመለከተን ነገር የለም የሚል ነው፣ በዚያ ላይ ስንት ዓመት ሆኖታል! ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰዱት። መካኒኩ ቁልፍ አዞረ፣ አየ፣ «የኤርባግ መብራት አልበራም፣ ሰላም ነው» አላቸው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ይህ መልስ ሰው ሊያስቀጥፍ ይችላል። የታካታ ጉድለት መብራት አያበራም። መብራቱ የሚበራው ሽቦ ሲቋረጥ፣ ሴንሰር ሲበላሽ ነው። ኢንፍሌተሩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ዱቄት ቢሆንም የመኪናው ኮምፒውተር አያውቅም፤ ለኮምፒውተሩ ሁሉም ነገር በቦታው አለ። የዓመታዊ የቦሎ ምርመራም አያገኘውም፣ የታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ነገር በዓይን አይታይም።

ስለ መብራቱ ካነሳን አይቀር ሁላችሁም ልትሞክሩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። ቁልፍ ስታዞሩ የኤርባጓ ምልክት ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አንድ ሰው አምፖሏን ነቅሏታል ወይም ሸፍኗታል ማለት ነው። ይህ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ መኪናው ተጋጭቶ ኤርባጉ ከፈነዳ በኋላ ነው፤ ክሩስኮቶው ተሰፍቶ ወይም ተቀይሮ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሲሸጥ። አንዳንዱ ደግሞ ሬዚስተር ይገጥምና ኮምፒውተሩን ያታልለዋል፣ ያኔ መብራቷም በሥርዓቱ በርታ ትጠፋለች። ስለዚህ መብራት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ከተጋጨ በኋላ «ኦሪጂናል ኤርባግ ላስገባ» የሚል ሰው ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ ቦታ ሄዶ ከፈራረሰ መኪና የወጣ ያገለገለ ኤርባግ ሲገዛም አደጋው ያው ነው። ከየትኛው ዓመት ሞዴል እንደወጣ፣ ተጠርቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ዕቃው ላይ አይነበብም። ደህና የነበረውን መኪና በታካታ ልትተኩት ትችላላችሁ።

አንዳንዱ ሰው አንድ መከራከሪያ ያነሳል፣ እኛም መጀመሪያ ስናነብ ያሰብነው ነው። ኬሚካሉን የሚያበላሸው ሙቀትና ወበቅ ከሆነ አዲስ አበባ ምን አገባት? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጉለሌ ደግሞ እንጦጦ ሥር ያለ፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ የሚያስለብስ ሰፈር ነው። እውነት ነው፣ አሜሪካም ሪኮሉን ስታካሂድ ሀገሪቱን በአየር ጠባይ ከፍላ ቅድሚያ የሰጠችው ለሞቃትና ወበቃማዎቹ ደቡባዊ ግዛቶች ነው። ቀዝቃዛ ቦታ የኖረ ኢንፍሌተር ቀስ ብሎ ነው የሚበላሸው።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የእኛ መኪናዎች ጉለሌ አልተወለዱም። የመጀመሪያ 10 ዓመታቸውን ዱባይ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ የባሕረ ሰላጤውን ወበቅ ጠጥተው ነው የመጡት። ኢንፍሌተሩ ያለፈበትን አይረሳም። ሁለተኛ፣ ፈረንሳይን እዩ። እዚያ ሲትሮየን ሲ 3 እና ዲኤስ 3 የሚባሉ መኪናዎች ታካታ አላቸው። መጀመሪያ «አትንዱ» የተባለው በደቡብ ላሉት ነበር፣ ሙቀት ስላለ። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ግን ራንስ የምትባል የሰሜን ምሥራቅ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት በዚሁ ኤርባግ ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው በመላ ሀገሪቱ ያሉት ሁሉ እንዲቆሙ የታዘዘው። ዕድሜ ሲጨምር ቅዝቃዜ ብቻውን አያድንም።

የእኛ መኪናዎች ዕድሜ ደግሞ መጨመሩን ይቀጥላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። ሐሳቡ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሁለቱም ለወደፊቱ የራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ እዚህ አንከራከርባቸውም። ግን ከዚህ በፊት የገባችው ቪትዝ ተወደደች፣ ተፈለገች፣ ተጠግና ተጠግና እየኖረች ነው። ጃፓናዊው ጥሏት በአዲስ የቀየራት መኪና እዚህ የቤተሰብ ሀብት ናት። «ጣላት፣ አዲስ ግዛ» የሚባል ምክር ለጉለሌ ሰው አይሰጥም።

ሕጉስ? ሕግ አለን፣ ያውም ብዙ ሰው ከሚያስበው የተሻለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085 ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የሚተርፈው ጉድለቱ ዕቃውን በተለመደው መንገድ በመመርመር ሊታወቅ ይችል ከነበረ ነው። የታሸገ ብረት ውስጥ ያለ ዱቄትን ማን በተለመደው ምርመራ ያየዋል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ተጎጂ ሸማች ካሣ ሲጠይቅ ከአምራቹ ጀምሮ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በአንድነት ወይም በተናጠል ሊጠይቅ ይችላል ይላል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲሆን ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይቻላል። ቅሬታው ዛሬ የሚቀርበው ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፣ የድሮው ባለሥልጣን ሥራው እዚያ ስለተጠቃለለ።

ችግሩ 15 ቀኑ ለጋሼ ካለፈ ቆይቷል። ካሣው ደግሞ የሚመጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ጋሼ የሚፈልጉት ካሣ አይደለም፣ ጉዳቱ እንዳይደርስ ነው። በእኛ አስተያየት ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ሪኮል ሲወጣ ሀገር ውስጥ በተመዘገቡ ሻንሲ ቁጥሮች ላይ አመሳክሮ «የእርስዎ መኪና ተጠርቷል» የሚል አጭር የስልክ መልእክት መላክ ጨረቃ ላይ መውጣት አይደለም። ሊብሬ የሚሰጠው መንግሥት ቁጥሮቹ አሉት፣ ቶዮታም የጠራቸው ሻንሲዎች ዝርዝር አለው። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

በቶዮታ በኩልም ቢሆን «ለእናንተ ገበያ አልሸጥኩትም» የሚለው አመክንዮ አይዋጥልንም። ያገለገሉ ቶዮታዎች ወደ አፍሪካ እንደሚጎርፉ ከማንም በላይ የሚያውቀው ቶዮታ ነው፤ ጥንካሬያቸው ስሙን ያነሣለት እዚሁ ነው። «ቶዮታ ነው፣ አይጥልም» እያለ ከሚሊዮን በላይ የሚከፍል ሰው የከፈለው ለዚያ ስም ነው። ስሙ ድንበር ከተሻገረ ኃላፊነቱስ ለምን ጅቡቲ ወደብ ላይ ይቀራል?

ይህ የአሮጌ መኪና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሁን ከቻይና እየገቡ ያሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ ለቻይና ገበያ ተሠርተው፣ ስክሪናቸው ቻይንኛ እያወራ፣ በግለሰብ አስመጪ የገቡ ብዙ ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ለባትሪያቸው ሪኮል ቢወጣ ደብዳቤው የሚሄደው ወዴት ይመስላችኋል?

እስከዚያው መኪናው ያላችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን እንንገራችሁ። ሊብሬውን አውጡና ሻንሲ ቁጥሩን እዩ። 17 ፊደልና ቁጥር ከሆነ አጀማመሩ የመጣበትን ይነግራችኋል፦ ቪኤንኬ ከሆነ ፈረንሳይ የተሠራ ያሪስ፣ ኤስቢ1 እንግሊዝ፣ ኤንኤምቲ ቱርክ፣ በ1 ወይም በ2 የሚጀምር ከሆነ ሰሜን አሜሪካ፣ በጄቲ ከሆነ ጃፓን። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን ኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ከዓረብ ሀገር የመጣውን የሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴር የሪኮል ድረ ገጽ ላይ ሞክሩት፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የራሷ አላት። ቁጥሩ አጭር ከሆነና ኤስሲፒ፣ ኬኤስፒ ወይም ኤንሲፒ ብሎ ጀምሮ መሐሉ ላይ ሰረዝ ካለው ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ የሚገኘው የቶዮታ ጃፓን ድረ ገጽ ላይ ነው፣ ገጹ በጃፓንኛ ስለሆነ የስልካችሁን መተርጎሚያ ክፈቱ። የተገኘውን ውጤት ስክሪንሾት አንሱና ወደ ቶዮታ ወኪል በጽሑፍ ውሰዱት፤ በአፍ ጠይቃችሁ አትመለሱ፣ ደብዳቤው ቀንና ማኅተም ይኑረው።

ዝርዝሩ ላይ ከተገኘ ደግሞ ሰፈር ያለ መካኒክ ኤርባጉን በመፍቻ እንዲነቅለው አታድርጉ። የሚፈነዳ ዕቃ ነው፣ ባትሪ ሳይነቀል የተነካካ ኤርባግ የመካኒኩን ፊት ሊያጠፋ ይችላል። በቀበቶ ላይ አትደራደሩ። ኮሮላና ያሪስ ላይ ደግሞ አደጋው ያለው ጋቢና በኩል ስለሆነ እዚያ ሰው አለማስቀመጥ ዛሬውኑ፣ ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ ነገር ነው።

ጋሼ የሳዑዲውን ድረ ገጽ ከእኛ ጋር ከሞከሩ በኋላ ስክሪንሾቱን አሳትመው፣ የሊብሬውን ኮፒ አያይዘው ደብዳቤ አስገብተዋል። መልሱን እየጠበቁ ነው። ትንሹ ልጃቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ሦስተኛ ክፍል ስለሆነ በጣም ተናዷል። ጋቢናው ላይ አሁን የሚሄደው የትምህርት ቤት ቦርሳውና የምሳ ዕቃው ነው።